የትከሻ ሐኪም ምርምር በምን ይመዘናል?

(የመግቢያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በመርጡለ ማርያምና በመላው እነብሴ ሳር ምድር፣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ለምትገኙ አድማጮቻችን ሁሉ፣ የዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ስለ ትከሻ ነው። ትከሻን ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሐኪሞች ምን አገኙ? ያገኙትስ ለእኛ ምን ይፈይዳል? የአንድ ሐኪም ምርምር ትልቅ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን። በዝግጅቱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬ ኑሮ በትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ሞፈርና ቀንበር ማሳ የሚደርሰው በትከሻ ነው። በሬ ጠምዶ ጅራፍ የሚያነሣ፣ በማጭድ የሚያጭድ፣ በመንሽ ጭድ የሚያነሣ፣ በላይዳ ምርት የሚያዘራ ክንድ ጉልበቱን የሚያገኘው ከትከሻ ነው። ሴቶች እንጀራ ሲጋግሩ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ልጅ ሲያዝሉ የሚሠሩት በዚሁ መገጣጠሚያ ነው። ስለዚህ ትከሻው ወልቆ ወይም ተሰብሮ በወቅቱ ያልታከመ ገበሬ የዘር ወቅት ያልፈዋል፤ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ቤተሰቡም ምርቱን ይካፈላል።

ትከሻ ለምን በቀላሉ ይወልቃል? ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ የትከሻን ያህል በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀስ የለም። የክንዳችን አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት የትከሻ ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ አስቡት። ብርቱካኑን ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዙት በዙሪያው ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ክንዳችንን እንደ ልብ የምናነሣውና የምናዞረው ጎድጓዳው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ስንወድቅም ቶሎ የሚወልቀው በዚያው ምክንያት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከላይ በኩል የሚያልፈው ጅማት እየሳሳ ሄዶ ሊበጠስ ይችላል።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ አንድ ሐኪም ታሪክ እንሂድ። ዶክተር ኧርነስት ኤመሪ ኮድማን በ1869 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተወለዱ። በሃርቫርድ ሕክምና ተምረው በታወቀው ማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በዚያን ጊዜ ክንዱን ማንሣት ላቃተው ሰው ችግሩ በትክክል የት ላይ እንደሆነ የሚነግሩት ሐኪሞች ጥቂት ነበሩ። ዶክተር ኮድማን ግን ከላይ ያነሣነውን ጅማት አጠኑ። በ1909 የተበጠሰ ጅማት በቀዶ ሕክምና ሰፉ፤ ሥራቸውንም በ1911 በጽሑፍ አወጡ። በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ብቻ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ትከሻን የሚያጠኑ ሐኪሞች ዛሬም ከፊት ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ የእሳቸው ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ውርሳቸው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። «ያከምኩት ሰው ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ትንሽ ካርድ አዘጋጁ። በካርዱ ላይ ሕመሙ ምን እንደነበር፣ ምን እንደተደረገለት፣ ምን ችግር እንደገጠመ ይጻፋል። ከዓመት በኋላ ታካሚው ይጠራና ውጤቱ ይመዘገባል። ካልዳነ ለምን እንዳልዳነ ይመረመራል፤ ጥፋቱ የሐኪሙ ከሆነ የሐኪሙ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ይህ ዛሬ ለሰሚው ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ትልቅ ቁጣ አስነሣ። በዚያ ዘመን ቀዶ ሐኪም የሚሾመው በአገልግሎት ዘመኑና በስሙ ነበር። ዶክተር ኮድማን ሹመት በሕክምና ውጤት ይሁን ብለው ተከራከሩ፤ የሚሰማቸው ሲያጡም በ1914 ከሆስፒታሉ ሥራቸውን ለቀቁ። በራሳቸው አነስተኛ ሆስፒታል ውስጥ ከ1911 እስከ 1916 ያከሟቸውን 337 ታካሚዎች ውጤት አሳትመው ለሕዝብ አወጡ። በዚያ መዝገብ ውስጥ 123 ስሕተቶችን በግልጽ አስፍረዋል። ስሕተቱን ቆጥሮ፣ አትሞ፣ ለዓለም ያሳየ ሐኪም በዚያን ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዋጋውን ከፍለዋል። ወዳጆቻቸው ራቋቸው፤ ገቢያቸው ቀነሰ። በ1940 ሲያርፉም መቃብራቸው ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ድንጋዩ የቆመላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2014 ነው። ዛሬ ግን ማንኛውም ጥሩ ሆስፒታል የታካሚውን ውጤት ይመዘግባል፤ የሞትና የኢንፌክሽን ቁጥሩን ይከታተላል። ይህ አሠራር ከተነሣባቸው ምንጮች አንዱ የዶክተር ኮድማን ካርድ ነው።

(አጭር ዜማ)

አድማጮቻችን፣ ሁለተኛው ታሪካችን የዶክተር ቻርልስ ኒር ነው። በ1917 ተወልደው በ2011 ያረፉ አሜሪካዊ ናቸው። የሠሩት በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1970 የክንድ አጥንት ከትከሻው አጠገብ ሲሰበር እንዴት እንደሚከፋፈል በሥርዓት አስቀመጡ። የአጥንቱን ጫፍ በአራት ክፍል አዩት፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ ከዞረ ከቦታው ለቋል ይባል አሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የአጥንት ሐኪሞች እስከ ዛሬ በዚህ አከፋፈል ይነጋገራሉ። በ1972 ደግሞ ከትከሻ በላይ ያለው አጥንት ጅማቱን እየፈተገ ያሳምማል በማለት፣ ከአጥንቱ ጥቂት የሚከረከምበትን ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። በ1982 የአሜሪካ የትከሻና የክርን ሐኪሞች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ።

የእሳቸው ሐሳብ በመላው ዓለም ተሰራጭቶ እጅግ ብዙ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቆየት ብሎ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች «እውነት ይጠቅማል?» ብለው ፈተኑት። በእንግሊዝ አገር 313 የትከሻ ታማሚዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን አጥንቱ ተከረከመለት። ሁለተኛው ቡድን መሣሪያ ወደ ትከሻው ገብቶ ከመታየት በቀር ምንም አልተከረከመለትም። ሦስተኛው ምንም ቀዶ ሕክምና አላገኘም። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2018 ታትሟል፦ የተከረከመላቸው ሰዎች መሣሪያ ገብቶ ከታየላቸው በቀር ምንም ካልተከረከመላቸው ይበልጥ አልዳኑም።

ሌላም ጥናት አለ። በዚያው በእንግሊዝ አገር ከትከሻ አጠገብ አጥንታቸው ተሰብሮ ከቦታው የለቀቀ 250 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ሲያገኙ ግማሾቹ ክንዳቸው ከአንገት ተንጠልጥሎ በእንቅስቃሴ ሕክምና ታገዙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። በ2015 የታተመው ውጤት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደሌለ አሳየ። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ሁሉንም ዓይነት ስብራት አይመለከትም። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣበት ወይም ስብራቱ ከውልቃት ጋር የመጣበት ሰው ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ለአብዛኛው ሰው ግን የምሥራቹ ትልቅ ነው። ራጅ ያለው፣ ክንድን በትክክል ማንጠልጠልና እንቅስቃሴ ማስተማር የሚችል ባለሙያ ያለው የወረዳ ሆስፒታል በለንደን ካለው ቀዶ ሕክምና ጋር የሚተካከል ውጤት ሊያስገኝ ይችላል ማለት ነው። መርጡለ ማርያም ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትርጉሙ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ዶክተር ኒር ትንሽ ሰው ሆኑ ማለት ነው? በፍጹም። ሐሳባቸውን በግልጽ፣ በልክና በቁጥር ስላስቀመጡ ነው ሌላው ሊፈትነው የቻለው። በደንብ ያልተነገረ ሐሳብ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ለማለት እንኳ አይመችም። የምሁር ሥራ ከፊሉ ቢጸና ከፊሉ ቢፈርስ፣ ለቀጣዩ ሰው የጠራ መነሻ ትቶ ካለፈ ሥራውን ሠርቷል።

(አጭር ዜማ)

ዩኒቨርሲቲዎች የአንድን ምሁር ሥራ ሲመዝኑ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ይቆጥራሉ፤ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱትም ያያሉ። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ምሁር ሁለቱን አንድ ላይ የሚለካ ቁጥር አቀረቡ። በእሳቸው ስሌት ቁጥሩ ሃያ የሆነ ምሁር፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ይህ መለኪያ ይጠቅማል፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ከሚሠራው ይለያል። የማያየው ግን አለ፤ ታካሚው ክንዱን ማንሣት መቻል አለመቻሉን አይነግረንም።

በዚያው በ2005 ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር መኮንን እሸቴ በእንግሊዝ በሚታተም ታዋቂ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። የሚናገረው ስለ ወጌሻ ነው። ስብራት የደረሰበት ሰው ክንዱ ወይም እግሩ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠብቆ ሲታሰር የደም ሥሩ ይታነቃል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በመጨረሻም እጅ ወይም እግር ይቆረጣል። ዶክተር መኮንን ይህን ሲያዩ ወጌሾቹን አላወገዙም፤ ሰበሰቧቸው። ከመቶ ለሚበልጡ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጠ። ትምህርቱ ያተኮረው ጉዳት እንዴት እንደሚደርስና እንዴት እንደሚከለከል ላይ ነበር። ከዚያ የተቆረጡ እጅና እግሮች ተቆጠሩ፤ ከትምህርቱ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የነበረው ቁጥር ከትምህርቱ በፊት ከነበረው በጉልህ ቀንሶ ተገኘ።

እስቲ አስቡት። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ አዲስ መድኃኒት አልመጣም። አንድ ቀን ትምህርት ብቻ ነው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ በሰዎች ሰውነት ላይ የቀሩ እጆችና እግሮች ሆኖ ተመነዘረ። ዶክተር መኮንን ዛሬ በይበልጥ የሚታወቁት በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በከንፈርና በላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያቺ አጭር ጽሑፍ ግን ስለ ወጌሻ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ትጠቀሳለች። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ብሩክ ላምቢሶም በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽፈዋል። የአገራችን የአጥንት ሕክምና ምርምር ለዓለም ካበረከተው አንዱ፣ ወጌሻንና ሐኪምን ማቀራረብ እጅና እግር እንደሚያተርፍ ማሳየቱ ነው።

ጥቁር አንበሳን ካነሣን፣ ከዶክተር ኮድማን ጥያቄ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር እንጨምር። በ1999 ዶክተር ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ሳይን የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ለተሰበረ ረጅም አጥንት ውስጡ የሚገባ የብረት ዘንግ ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ ዘንጉ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የሚሠራ ውድ የራጅ መሣሪያ አያስፈልገውም። ጥቁር አንበሳ ከተጠቀሙበት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በምትኩ ሐኪሙ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅና ውጤት ወደ መዝገቡ ይልካል። የእግር አጥንቱ የተሠራለት ሰው ከወራት በኋላ ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ፎቶ ይነሣል። ቁጢጥ ማለት ከቻለ አጥንቱ ገጥሟል፤ ፈገግ ካለ ሕመሙ ለቆታል። ዶክተር ኮድማን ከመቶ ዓመት በፊት በካርድ የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ በአንድ ፎቶ ይመለሳል።

(አጭር ዜማ)

አሁን ይህ ሁሉ ትምህርት ለእኛ ምን ያዘናል? ወደ ተግባሩ እንምጣ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ከበቅሎ፣ ከዛፍ ወይም ከገደል ወድቆ ትከሻው ቅርጹ የተለወጠ፣ ክንዱን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ውልቃት ወይም ስብራት አለበት ብላችሁ ውሰዱት። ክንዱን አትጎትቱ፣ አታሹ። ራጅ ሳይታይ ሲጎተት ያልተሰበረው ሊሰበር፣ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። በነጠላ ወይም በሻሽ ክንዱን ከአንገቱ ላይ አንጠልጥላችሁ ከደረቱ ጋር አስደግፉት። ከዚያ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የወለቀ ትከሻ በቀላሉ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን ጡንቻው ይኮማተራል፤ ጠባሳ ይሞላዋል፤ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና መመለስም ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ክንድ ወይም እግር በቀርከሃ ከታሰረ ጣቶቹን በየሰዓቱ ተመልከቱ። ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ስሜት ካጡ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፍቱ። ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሥጋ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት ገደማ በላይ ሳይጎዳ አይቆይም። ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ «ስብራት ነው፣ ያማል» ተብሎ የሚታለፈው ለቅሶ የመታነቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወጌሾቻችን ሆይ፣ ይህን ለእናንተም እንላለን፦ ሕዝቡ ያምናችኋል፤ አጥብቆ አለማሰርና ያበጠውን ወደ ሆስፒታል መላክ እምነቱን ያጸናዋል።

ሦስተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲንቀጠቀጥ ትከሻው ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ውልቃት ከፊት ብቻ በተነሣ ራጅ ሊያመልጥ ይችላል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከጎን በኩልም ራጅ ይነሣ።

አራተኛ፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ የቆየ ሰው ባለሙያው ሲፈቅድለት ማንቀሳቀስ መጀመር አለበት፤ አለዚያ ትከሻው ይደርቃል። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ትከሻቸው ለመድረቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ዶክተር ኮድማን ያስተማሩት እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ እንዲህ ይሠራል። ጤነኛ እጃችሁን ጠረጴዛ ወይም መደብ ላይ አስደግፋችሁ ጎንበስ በሉ። የታመመውን ክንድ ዘና አድርጋችሁ ወደ መሬት አንጠልጥሉት። ሰውነታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ስታወዛውዙ ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከዚያም በክብ ይወዛወዛል። ክንዱን በጉልበት አታንሡት፤ ይወዛወዝ ብቻ። ገንዘብ አያስወጣም፤ መሣሪያም አይፈልግም።

አምስተኛውና የዛሬው ዝግጅታችን ዋና መልእክት፣ ቀጠሮ ነው። የተሻለው ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ያልተሻለውም ተስፋ ቆርጦ ወይም የመኪና ገንዘብ አጥቶ ይቀራል። ሁለቱም ሲቀሩ ሐኪሙ የሠራው ጠቅሞ ይሁን ጎድቶ የሚያውቅበት መንገድ ይዘጋል። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ጥበበ ጊዮን፣ በጥቁር አንበሳ የሚሠለጥኑ ወጣት ሐኪሞች ስለ እኛ አጥንትና ስለ እኛ ትከሻ እውነተኛ ጥናት ሊሠሩ የሚችሉት እኛ ተመልሰን ስንታይ ነው። የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ያን ታላቅ ጥናት የሠሩት 250 ሰዎች ስብራታቸውን ይዘው በጥናቱ ለመግባት ስለተስማሙና ለሁለት ዓመት ያህል ስለ ክንዳቸው ሲጠየቁ ስለመለሱ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ የታካሚዎቹ ድርሻ ከሐኪሞቹ ድርሻ አያንስም።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ስልክ ቁጥራችሁን በትክክል አስመዝግቡ፤ ስልክ ከሌላችሁ የጎረቤት ወይም የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥር ስጡ። መምጣት ካልቻላችሁ ደውላችሁ ክንዳችሁ እስከ የት እንደሚነሣ ንገሩ። ሐኪሞችም ታካሚያችሁን ከሦስት ወር፣ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ደውላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም መዝግቡት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ምሁራንን ሲያሳድጉ የጽሑፍ ብዛት ከመቁጠር ጋር «ያከምካቸው ሰዎች ዛሬ እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። የትከሻ ሐኪም ምርምር የሚመዘነው በዚህ ነው፦ ገበሬው ማሳው ላይ ክንዱን አንሥቶ ሲሠራ በመገኘቱ።

አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ ውስጥ ትከሻው የታመመ፣ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ካለ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው እንዲሄድ ዛሬ ማታ ንገሩት።

(የመዝጊያ ዜማ)